ለማስተማር ሄዶ መማር

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ምሳሌ። ምሳሌው የተነገረው ለቤተ ክህነት ሰው ነው። ዳሩ ግን ዲግሪውን ትናንት ተቀብሎ፥ ዛሬ በባዕድ አገር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስተምር የሚነሣውን ወጣት ያህል ይህ ምሳሌ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለንም። እርሱ ጥምጥሙን ጠምጥሟል፤ እውነተኛው ትምህርት ግን የሚጀምረው ቋንቋውን በማያውቀው ክፍል ውስጥ፥ ቁመታቸው ከወገቡ በማያልፍ ሠላሳ ሕፃናት ፊት ሲቆም ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የውጭ አገር መምህር እንግዳ ነገር አይደለም። በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ የመጡ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኋላም ካናዳውያን፥ እንግሊዞችና ሕንዶች በየትምህርት ቤታችን አስተምረዋል። በ1962 ደግሞ ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው አብዛኞቹ በየጠቅላይ ግዛቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተመድበው ነበር። እነዚህን ሰዎች አባቶቻችንና እናቶቻችን ከተማሪው ወንበር ላይ ሆነው አይተዋቸዋል። ስማቸውን ሲያጣምሙባቸው ስቀዋል፤ ሲደክሙላቸውም ወደዋቸዋል። ነገሩን ከመምህሩ ቦታ ሆኖ ማየት ግን ሌላ ነው። ዛሬ አንባቢን የምንጋብዘው በዚያኛው ወገን ቆሞ እንዲመለከት ነው።

የማስተማር ልምምድ የሚባለው፥ ለመምህርነት የሚማር ወጣት የምስክር ወረቀቱን ከመቀበሉ በፊት ልምድ ባለው መምህር እየተጠበቀ በእውነተኛ ክፍል የሚያስተምርበት ጊዜ ነው። ይህ በሁሉም አገር ያለ ሥርዓት ነው። በአንዳንድ ቦታ ግን የልምምዱን ከፊል በባሕር ማዶ ማድረግ ተለምዷል። በአሜሪካ የሚገኘው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመምህርነት ተማሪዎቹን በመጀመሪያ በአገራቸው ካለማመደ በኋላ ወደ ልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች እየላከ በየትምህርት ቤቱ እንዲያስተምሩ ሲያደርግ ኖሯል። የጃፓን መንግሥትም በበኩሉ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች የሆነና ቢያንስ አምስት ዓመት ያስተማሩ የውጭ አገር መምህራንን፥ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል በዩኒቨርሲቲዎቹ እየተቀበለ ሲያሠለጥን ቆይቷል። ከ1987 ጀምሮ ደግሞ «ጄት» በሚባለው ፕሮግራም በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የውጭ አገር ወጣቶች በጃፓን ትምህርት ቤቶች የቋንቋ ረዳት መምህራን ሆነው ሠርተዋል።

እኛም ለምሳሌ የምንወስደው ይህችኑ ጃፓንን ነው። ጃፓን በኢትዮጵያ ምሁራን ዘንድ የቆየ ስም አላት። የ1931 ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ የ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ አብነት ታይቷል። ደራሲው ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ ጽፈው የዚያ ዘመን ወጣት እንዲያነብበው አድርገዋል። ለዚያ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለሚገኝ፥ ወደ እርሱ እንግባ።

ከደጃፉ ላይ

የጃፓን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመት ሲሆን፥ የትምህርት ዘመኑ የሚጀምረው በሚያዝያ ወር ነው። የአገሩ ተወላጅ የሆነ ተለማማጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ሳምንት ያህል ያስተምራል። ከዚህም በላይ በ1997 በወጣ ሕግ መሠረት፥ የአንደኛ ደረጃ ወይም የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚሻ ሁሉ ሰባት ቀን የአካል ጉዳተኞች በሚማሩበት ትምህርት ቤትና አረጋውያን ወይም ችግረኞች በሚረዱበት ቤት ማገልገል አለበት። ሽማግሌ ደግፎ ያላስኬደ ሰው ሕፃን አስተምራለሁ እንዳይል መሆኑ ነው።

የውጭው ተለማማጅ የመጀመሪያ ፈተና የሚያገኘው ገና ከደጃፉ ላይ ነው። በመግቢያው ላይ የጫማ መደርደሪያ ተደርድሯል። ተማሪውም፥ መምህሩም፥ ዲሬክተሩም የውጭ ጫማቸውን አውልቀው በቤት ውስጥ ጫማ ይለውጣሉ። ይህ ለእኛ አገር ሰው እምብዛም አይከብድም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማውን አውልቆ መግባትን ያውቃልና። የሚያስደንቀው፥ በእኛ ዘንድ ለጸሎት ቤት የሚደረገው ክብር በዚያ ለሕፃናት መማሪያ ክፍል መደረጉ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሰሌዳው ነው። የጃፓን ልጅ በስድስት ዓመት ውስጥ 1,026 የቻይና ሥረ መሠረት ያላቸው ፊደላት እንዲማር ተወስኖበታል። የአንደኛ ክፍል ተማሪ 80ውን ይማራል። እንግዲህ ያ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የተማረው እንግዳ፥ ከሰባት ዓመት ሕፃን ያነሰ ማንበብ የሚችል ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተራ ዝርዝር ማንበብ አይችልም፤ የልጆቹን ስም እንኳ የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። አንደኛው አለማወቁን በኮስታራ ፊት መሸፈን ነው። ይህ የማያዋጣ መሆኑን ለመናገር ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ሕፃናት የአዋቂን ፍርሃት ከሩቅ ያሸታሉና። ሁለተኛው መንገድ ከልጆቹ መማር ነው። ልጁ በጣቱ እየጠቆመ ቃሉን ሲነግረው፥ እርሱ ሲደግም፥ ልጁም ሲያርመው፥ በዚያች ደቂቃ መምህሩ ተማሪ መሆን ምን እንደሚመስል ዳግመኛ ያስታውሳል። ባለማወቅ መሸማቀቅ እንዴት እንደሚያቃጥል በራሱ ላይ ያየ መምህር፥ መልሱን የሳተውን ሕፃን በክፍሉ ፊት አያሾፍበትም። ከባሕር ማዶው ልምምድ ጥቅሞች ሁሉ ይህ አንዱ ብቻ ቢገኝ እንኳ የመርከቡን ወይም የአውሮፕላኑን ዋጋ ይከፍላል።

በዚያ አገር መምህር «ሴንሴይ» ይባላል። ቃሉ በቃሉ ሲፈታ «ቀድሞ የተወለደ» እንደ ማለት ነው። እኛም ፊደል ያስቆጠሩንን «የኔታ» ብለን እንጠራ ነበር። ሁለቱም ስሞች ከምስክር ወረቀት የተገኙ አይደሉም።

ምሳና መጥረጊያ

ጠዋት ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቹን የሚያስነሣውና እጅ የሚያስነሣው መምህሩ አይደለም፤ የዕለቱ ተረኛ ልጅ ነው። ተረኛነቱ ለጎበዙ ወይም ለባለሥልጣን ልጅ ተለይቶ የሚሰጥ ሳይሆን ለሁሉም በየተራ የሚደርስ ነው። ዓይን አፋሩም፥ ሰነፉም፥ ረባሹም አንድ ቀን አለቃ ይሆናል፤ በማግስቱም ተራ ሰው ይሆናል። የሥልጣን ትምህርት ከዚህ የበለጠ በምን ቃል ሊሰጥ እንደሚችል አናውቅም።

ምሳ ሲደርስ ተረኞቹ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው፥ አፋቸውን ሸፍነው፥ ምግቡን ከወጥ ቤቱ ተሸክመው ያመጣሉ፤ ለጓደኞቻቸውም በየሳህኑ እኩል ይቀዳሉ። ሁሉም ሳይደርሰውና ምስጋናው ሳይነገር ማንም አይቀምስም። መምህሩም በዚያው ክፍል ተቀምጦ ያንኑ ምግብ ይበላል። ዲሬክተሩ ደግሞ ምግቡ ለልጆቹ ከመቅረቡ አስቀድሞ እንዲቀምሰው በሥርዓት ታዟል። አለቃ ቀድሞ የሚቀምሰው ለክብር ሳይሆን፥ ክፉ ነገር ቢኖር አስቀድሞ እርሱን እንዲያገኘው መሆኑ ነው።

የዚህ ምሳ ታሪክ የተጀመረው በ1889 በሰሜን ጃፓን፥ ጹሩኦካ በተባለች ከተማ፥ በቡድሃ መነኮሳት ትምህርት ቤት ለድኾች ልጆች በተሰጠ የሩዝ ድብልብልና በተጠበሰ ዓሣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ ተርባ በነበረችበት ጊዜ በውጭ እርዳታ እንደገና ተቋቋመ፤ በ1954 ደግሞ በሕግ ጸና። ስለዚህ ዛሬ ሀብታም በሆነች አገር የምናየው ሥርዓት በድኽነት ዘመን የተተከለ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። እኛ ገንዘብ እስክናገኝ ብለን የምናቆየው ነገር ሁሉ ገንዘብ የሚጠብቅ አይደለም።

ከምሳ በኋላ ወይም ወደ ማታ ገደማ ጽዳት ይሆናል። ልጆቹ በቡድን ተከፍለው ክፍሉን ይጠርጋሉ፤ ኮሪደሩን ተንበርክከው በጨርቅ ይወለውላሉ፤ በብዙ ትምህርት ቤቶች መጸዳጃ ቤቱንም ያጥባሉ። ይህ ለቅጣት የሚደረግ አይደለም። በመንግሥቱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ እንዲህ ያለው የጋራ ሥራ እንደ ሒሳብና እንደ ንባብ ስፍራ አለው። መምህሩም ቆሞ አያዝዝም፤ ጨርቁን ይዞ አብሮ ይሠራል።

እንግዳው ወጣት እዚህ ላይ ክፉኛ ይፈተናል። በብዙ አገሮች፥ በእኛም ጭምር፥ መማር ማለት ከመጥረጊያ መራቅ ማለት ሆኖ ተተርጉሟልና። ፋይሉን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ለማሻገር ተላላኪ የሚጠራ ጸሐፊ በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ ኮፊዳውን አንግቶ፥ እህሉን ለምኖ፥ ለመምህሩ ውኃ ቀድቶና እንጨት ለቅሞ ነበር የሚማረው። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቆጥራል፤ ጎጆውንም ራሱ ይሠራል። እጅና አእምሮን ያለያየነው ዘመናዊውን ትምህርት ስንቀበል ነው እንጂ፥ አብሮ የመጣ የአገራችን ጠባይ አልነበረም። ስለዚህ በጃፓን ኮሪደር የተንበረከከ ኢትዮጵያዊ ወጣት ቢኖር፥ እንግዳ ነገር ተማርኩ ከማለት ይልቅ የጠፋብኝን አገኘሁ ቢል ይቀርበዋል።

አንዲት ጥያቄ

የትምህርቱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። አንዱ የክፍል መምህር አብዛኛውን ትምህርት ራሱ ስለሚያስተምር ልጆቹን እንደ ወላጅ ያውቃቸዋል። እንግዳው ተለማማጅ ከኋላ ተቀምጦ ሲመለከት በመጀመሪያ የሚያስገርመው መምህሩ ትንሽ መናገሩ ነው።

ለምሳሌ በአንደኛ ክፍል የታወቀች አንዲት የሒሳብ ጥያቄ አለች። 13 ብርቱካን ነበረ፤ 9ኙ ተበላ፤ ስንት ቀረ? መምህሩ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ዝም ይላል። ልጆቹ ለየራሳቸው ያስባሉ፤ እርሱም በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ማን በምን መንገድ እንደ ሄደ በማስታወሻው ይይዛል። ከዚያ ጥቂቶቹን አንድ በአንድ ያስነሣቸዋል። አንዱ በጣቱ ወደ ኋላ እየቆጠረ አራት መድረሱን ይናገራል። ሌላዋ 13ን 10 እና 3 አድርጋ፥ ከ10ሩ 9 ስታነሣ 1 ይቀራል፤ ከ3ቱ ጋራ 4 ይሆናል ትላለች። ሦስተኛው ደግሞ በመጀመሪያ 3ቱን አንሥቼ 10 አስቀረሁ፤ ቀጥሎ 6 ሳነሣ 4 ሆነ ይላል። መምህሩ «ትክክል» ብሎ አይዘጋውም። ሁሉንም መንገድ በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፥ የትኛው ለምን እንደሚቀል ልጆቹ ራሳቸው እንዲከራከሩ ያደርጋል። የተጻፈውም እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ አይጠፋም፤ ሐሳቡ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ሁሉም በአንድ እይታ እንዲያየው ነው።

ለተለማማጁ ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። ወጣት መምህር ዝም ሲል ያላወቀ ይመስለዋል። ልጁ ሲዘገይ መልሱን ከአፉ ሊነጥቀው ይሻል። ነገር ግን መልሱን የነገርነው ልጅ የሚያስታውሰው የእኛን ድምፅ ነው፤ መልሱን ያገኘው ልጅ ግን የሄደበትን መንገድ ያስታውሳል። ቋንቋ የሚያጥረው እንግዳ በዚህ በኩል አንድ ዕድል አለው፤ ብዙ መናገር ስለማይችል ጥያቄውን አጥርቶ ማዘጋጀትና መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

ቀጥሎ የሚመጣው «የትምህርት ጥናት» የሚሉት ሥርዓት ነው። አንድ መምህር ያዘጋጀውን ትምህርት በባልደረቦቹ ፊት ያስተምራል፤ ሌሎቹ ከክፍሉ ዳር ቆመው የልጆቹን አሠራር ይመዘግባሉ፤ ከዚያ በኋላ በአንድነት ተቀምጠው ይነጋገሩበታል። የንግግሩ ርእስ መምህሩ ሳይሆን ትምህርቱ ነው፤ እገሌ የተባለው ልጅ የተሳሳተው በየትኛዋ ጥያቄ ላይ ነው? ስለ ምን? ተብሎ ይመረመራል። ተለማማጁም በልምምዱ መጨረሻ በዚህ ሚዛን ላይ ይቆማል። ልማዱ በጃፓን ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሲሆን፥ በውጭው ዓለም በሰፊው የታወቀው ስቲግለርና ሂበርት የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው።

ይህም ቢሆን ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ በጓደኞቹ ፊት ይታረም ነበር። መታረም ውርደት የሆነው በኋላ፥ ዲግሪ የነቀፋ መከላከያ ጋሻ መስሎ በታየን ጊዜ ነው።

ጉድለቱም አለ

እንግዳ ሁለት በሽታዎች ይይዙታል። አንደኛው ንቀት ነው፤ «በእኛ አገር እንዲህ አይደረግም» እያለ የሚያየውን ሁሉ በትውልድ አገሩ ክንድ መለካት። ሁለተኛው አምልኮ ነው፤ ያየውን ሁሉ እንከን የሌለው አድርጎ ማድነቅ። ሁለተኛው ከፊተኛው ይሻላል የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሁለቱም ዓይን ያጠፋሉና።

የጃፓን ትምህርት ቤት የራሱ ሕመም አለው። በ2018 የሀብታም አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት ባደረገው ጥናት፥ የጃፓን የአንደኛ ደረጃ መምህር በሳምንት 54 ሰዓት ከግማሽ ገደማ እንደሚሠራ ታውቋል፤ ይህም በጥናቱ ከተካተቱት አገሮች ሁሉ የበለጠ ነበር። ያ የሚደነቀው የአንድነት ሥርዓት ከሌላው የተለየ ጠባይ ላለው ልጅ ጠባብ ጫማ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2023 የትምህርት ዘመን በአንደኛና በመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ከሠላሳ ቀን በላይ ትምህርት ቤት መሄድ የተሳናቸው ልጆች ቁጥር ከ346 ሺህ በልጦ ነበር። አገሬውም ይህን አይደብቅም፤ መንግሥቱ ራሱ ቆጥሮ ያወጣዋል፥ ጋዜጦቹም ይነጋገሩበታል። እውነተኛ ወዳጅ የሆነ እንግዳ ከኮሪደሩ ንጽሕና ጋራ ባዶ የቀረችውንም ወንበር ያያል።

ጃፓኖች ራሳቸው ከሌላው የተማሩት በዚህ ዓይነት ነው። በ1872 የትምህርት ሥርዓታቸውን በአዋጅ ሲያቋቁሙ፥ በቶኪዮ በተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ ማሪዮን ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ቀጥረው ብዙ ልጆችን በአንድ ክፍል የማስተማርን ዘዴ አሳያቸው። እርሱም የሚያስተምረው በአስተርጓሚ ነበር። እንግዲህ ዛሬ የውጭ ሰው የሚቀናበት የጃፓን ክፍል የተጀመረው ቋንቋቸውን በማያውቅ እንግዳ መምህር ነው። ነገር ግን የተማሩትን እንዳለ አላኖሩትም፤ መርምረው፥ ከጠባያቸው ጋራ አስማምተው፥ የራሳቸው አደረጉት። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚለውን ምሳሌያችንን ሳይሰሙ ፈጸሙት። ግብፅም በ2018 በጃፓን ሥርዓት የሚመሩ ትምህርት ቤቶች ከፍታ የተረኛነቱንና የጽዳቱን ልማድ በራሷ ልጆች ላይ መሞከር ጀምራለች። ወደ እኛም ቢሆን የጃፓን በጎ ፈቃደኞች ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየመጡ አስተምረዋል፤ ከ2011 ጀምሮም የሒሳብና የሳይንስ ትምህርትን ለማሻሻል ከመንግሥታችን ጋራ የሠሩበት ዕቅድ ነበር።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ፓስፖርት የያዘውን ብቻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አይደለም። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሲታዘዙ፥ አብዛኞቹ የተላኩት ለማስተማር ነበር። ብዙዎቹም አገሬ ነው በሚሉት ምድር ላይ ቋንቋው የማይገባቸው እንግዶች ሆነው ራሳቸውን አገኙት። ከ1994 ጀምሮ የአገራችን የትምህርት ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። ስለዚህ ዛሬም በከተማ ያደገ ወጣት መምህር፥ የጤና ሠራተኛ ወይም ጸሐፊ ወደ ሩቅ ወረዳ ሲመደብ፥ በቶኪዮ ደጃፍ ላይ እንደ ቆመው ተለማማጅ ያለ ሰው ነው። ልዩነቱ፥ ቶኪዮ የሄደው እንግዳ መሆኑን ማወቁ ነው። ወረዳ የተመደበው ግን ባለቤት ነኝ ብሎ ስለሚገባ ጫማውን ማውለቅን ይረሳል፤ ሕዝቡም ዝም ሲለው ያልገባው ይመስለዋል።

የሚሄድ ወጣት፥ ወደ ባሕር ማዶም ሆነ ወደ ቆላ፥ አንድ ደብተር ይያዝ። ገጹንም በሦስት ይክፈለው። በአንደኛው ወገን ይዞ ሊመለስ የሚገባውን፥ በሁለተኛው እዚያው ሊተወው የሚገባውን ይጻፍ። በሦስተኛው ደግሞ አስቀድሞ የእኛ የነበረውንና የረሳነውን ይመዝግብ። ያየናቸው ምሳሌዎች እንደሚመሰክሩት ሦስተኛው ወገን ከሁለቱ ይልቅ ቶሎ ይሞላል። የሥራ ጓደኞቹም ሲመለስ ስለ ሕንፃውና ስለ ባቡሩ ብቻ አይጠይቁት፤ ልጆቹ ምን አስተማሩህ? ይበሉት። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ሰው በከንቱ አልሄደም።